የየኔታ አካለ ወልድ ምሳሌ

የኔታ አካለ ወልድ የዲማ የመጻሕፍት ትርጓሜ መምህር ነበሩ። ጣሊያን ገና ሳይወጣ፣ በ1933 ዓ.ም. መግቢያ፣ አርበኞቹን ሊረዱ ለመጡት እንግሊዞች አስተርጓሚ ጠፋና እንዲያስተረጉሙ እሳቸውን እንግሊዝኛ አስተምር ተባልኩ። ካርቱም ስደት ላይ የለቃቀምኳትን እንግሊዝኛ ይዤ መምህር ሆንኩ።

«ሐሳብዎን ይናገሩና ምሳሌ ያስከትሉ» አልኳቸው።

በእንግሊዝኛ «ጦርነት ክፉ ነው» አሉ፤ ቀጥለውም ዳዊትን ጠቀሱ። የትርጓሜ ቤት ሰው ያለ መጽሐፍ ምስክር አይናገርም።

«ከመጽሐፍ አይደለም የኔታ። በዓይንዎ ያዩትን ይንገሩኝ።»

አሁንም ዳዊትን ጠቀሱ። ሦስተኛ ጊዜ ስጠይቃቸውም ያው ዳዊት ነው። ነደደኝ። ቃል ያጠራቸው መስሎኝ፣ «እንግዲያው በአማርኛ ይንገሩኝ፤ ወደ እንግሊዝኛ እኔ እመልሰዋለሁ» አልኩ፣ የማላውቀው ቃል የሌለ ይመስል።

ኩታቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉ። «ቁይ መንደራችን ላይ ጣሊያን ቤቴን ሲያቃጥል ወለተ ሐዋርያት ውስጥ ነበረች» አሉ። ሚስታቸው ነበረች። «በል መልሰው።»

ቤት፣ እሳት፣ ሚስት። ሦስቱንም ቃል ያስጠናኋቸው ራሴ ነበርኩ። አንዱም ከአፌ አልወጣ አለ።

«ዳዊትን ይጥቀሱ የኔታ» አልኳቸው።