ይቅደሙ የተባባሉት ኮምፒዩተሮች

ይህን ስጽፍ ምንጮቼ ሦስት ናቸው፦ የራሴ ትዝታ፣ ትዝታዬን በየዓረፍተ ነገሩ የምታርመው ባለቤቴ፣ እና ዕቃ ቤት ውስጥ ዛሬም ተጠቅልሎ የተቀመጠው ጥቁር ገመድ። ከሦስቱ የማይሳሳተው ገመዱ ነው፤ እርሱ ግን አይናገርም። ዋነኛው ምስክር፣ የባለቤቴ ታላቅ ወንድም፣ ዛሬ በሕይወት የሉም። ዘመኑ የዘጠናዎቹ መባቻ ይመስለኛል፤ አልምልበትም።

ጎፋ በሚገኘው ቤታችን ሁለት ኮምፒዩተሮች ነበሩን፤ የእኔው ሳሎን ከማተሚያው ጋር፣ የባለቤቴ ከኮሪደሩ ማዶ ባለችው ክፍል። ባለቤቴ የሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያ ጽሑፏን በማግስቱ ጠዋት ማስረከብ ነበረባት፤ አለዚያ ምረቃዋ በዓመት ይገፋል። ጽሑፉ ያለው በእርሷ ኮምፒዩተር ብቻ ነው፤ ፋይል የሚመላለስበት የፍሎፒ ዲስክ መክተቻው ደግሞ ከተበላሸ ሰንብቷል። ማተሚያውን ወደ እርሷ ክፍል ማዛወርም አልረዳም፤ የሚያሠራው ፕሮግራም ራሱ ያለው በፍሎፒ ነው። የቀረን ሁለቱን ማሽኖች በገመድ አገናኝቶ ጽሑፉን ወደ ሳሎን ማሻገር ነበር።

መሐንዲሱ ወንድሟ ከላፍቶ በታክሲ መጡ። ገመዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ መረመርን፤ ጤነኛ ነው። ኮምፒዩተሮቹ ግን አይተዋወቁም። የቀረው ፕሮቶኮል፣ ማለትም ሁለቱ የሚግባቡበት የጋራ ቋንቋ፣ ነበር።

«ዓለም የሚግባባው በቲሲፒ/አይፒ ነው» አሉ ወንድሟ።

«ዓለም ይግባባበት። እኛ የምንሻገረው ኮሪደር ነው። ለኮሪደር ኔትቢዩአይ የሚባለው ፕሮቶኮል ይበቃል፤ አድራሻ ስጡኝ እያለ አያስቸግርም» አልሁ።

«እሱ እኮ ከአጥር ግቢ አይወጣም።»

«እኛስ የት ልንወጣ ነው?»

ክርክሩ ሲረዝም ባለቤቴ ብቅ አለች። «ስትጨርሱ ንገሩኝ፤ ለጡረታዬም ቢሆን ይደርስልኛል።»

አፍረን ተለያየን፤ እርሳቸው ወደ እርሷ ክፍል፣ እኔ ወደ ሳሎን፤ እያንዳንዳችንም የየራሳችንን ፕሮቶኮል ጫንን። ብቻዬን ስሆን፣ ታላቅን ያውም በቤቴ መከራከር ነውር መሆኑ ተሰማኝ። ድምፄን አጥፍቼ የራሴን አወጣሁና የእርሳቸውን ቲሲፒ/አይፒ ጫንሁ። ምንም ለውጥ የለም። ገመዱን እንደገና እየዳበስሁ ስሄድ እርሳቸውም ከወዲያኛው ጫፍ እየዳበሱ መጥተው ኮሪደሩ መካከል ተንበርክከን ተገናኘን።

ባለቤቴ የሁለቱን ስክሪኖች ተራ በተራ አነበበች።

«ወንድም ጋሼ፣ እርስዎ ዘንድ ያለው የእሱ ነው። አንተ ዘንድ ያለው ደግሞ የወንድም ጋሼ።»

«በቤታቸው የእርሳቸው ቃል ይጽና ብዬ ነው» አሉ፣ ከተንበረከኩበት ሳይነሡ።

«እኔም ታላቅ ናቸው ብዬ።»

«በር ላይ ይቅደሙ፣ የለም እርስዎ ይቅደሙ ስትባባሉ ወጥ ሲቀዘቅዝ ስንት ጊዜ አይቻለሁ። ሁለቱንም ፕሮቶኮል በሁለቱም ላይ ጫኑ። ማን እንደሚቀድም እነሱው ይወቁት» አለች ባለቤቴ።

ጫንን። ጀምበር ሳትጠልቅ ማተሚያው መጮኽ ጀመረ፤ ባለቤቴም በዚያው ዓመት ከጓደኞቿ ጋር ተመረቀች።

ጽሑፉ በየትኛው ፕሮቶኮል እንደ ተሻገረ ግን ያየ የለም። ወንድሟ ነገሩ በተነሣ ቁጥር «በእርስዎ ነው» ይሉኝ ነበር፤ እኔም «የለም፣ በእርስዎ ነው» እላቸው ነበር። እስከ ዛሬ አላረጋገጥሁም።