የኒካው ትግል

ግንበኛው ኒካው እሁድ እሁድ ከቤተክርስቲያን ሲወጣ ባሮ ወንዝ ዳር አሸዋው ላይ ከጓደኞቹ ጋር ይታገላል። ሽልማት የለ፣ ዳኛ የለ! ትከሻው ወልቆ ወይ ጆሮው ተቀዶ ጤና ጣቢያ ሲመጣ የምሰፋው እኔ ነኝ። "አንተ ሰውዬ፣ ምን ታገኝበታለህ?" ብዬ ስጮህበት፣ በተሰባበረ አማርኛው "ደስ ይላል፣ ሲስተር" ይለኛል።

ባለፈው እሁድ ግን ጓደኞቹ ተሸክመው አመጡት። እነሱ እንደነገሩኝ፣ ሲመለሱ ኬላ ላይ አንድ ታጣቂ ሸሚዙ ላይ ደም አይቶ አስቆመው።

"ከየት ነው የምትመጣው?"

"ከትግል።"

"ትግል? የማን ታጋይ ነህ?"

"የማንም።"

"ዓላማህስ?"

"ዓላማ የለም። ደስ ስለሚለኝ ነው።"

ታጣቂው የሚያሾፍበት መስሎት አፉን በሰደፍ መታው። ሲወድቅ ጎኑን በከስክስ ጫማው ደቀደቀው፤ ብሎኬት የሚደረድርባቸውን ጣቶቹን ረገጣቸው። መጠየቁን ካቆመ በኋላ እንኳ መምታቱን አላቆመም።

ከንፈሩን ስሰፋለት፣ ኒካው ደም በሞላው አፉ፣

"ሲስተር" አለኝ፣ "እሱስ? ደስ ስለሚለው ነው?"