አስር እስኪቆጠር
ፖስተኛው ዌንዴል ሃስኪንስ የበረዶውን ወራት ሙሉ ጋራዡ ውስጥ ከርሞ፣ ትንሿ መኪናው ላይ የውድድር ወንበርና ስድስት ማሰሪያ ያለው ቀበቶ በገዛ እጁ ገጠመ። ለቅዳሜው ውድድር የቀረው የተቆጣጣሪዋ የቨርና ፊርማ ብቻ ነው። እሷ ደግሞ የምትፈርመው ሄልሜትና ጓንት አድርጎ፣ ጥብቅ ብሎ ታስሮ፣ አስር እስክትቆጥር ራሱን ፈቶ ለወጣ ነው።

«አንድ!» አለች።

ዌንዴል እጁን ወደ ቀበቶው መቆለፊያ ሰደደ። መቆለፊያው ግን ሆዱ ላይ ወጥቶ ከመሪው ስር ተወሽቋል። ጓንት ያጠለቀ እጁ አልገባ አለው።

«ሰባት! ምነው ዌንዴል፣ ደብዳቤ ታድላለህ እንዴ?»

«ኧረ ፍቺኝ!»

«አስራ አራት። እሳት ቢነሳ ማን ይፈታሃል?» ቨርና በመስኮቱ ጎንበስ ብላ አየችው። «የትከሻውን ማሰሪያ ነው ቀድመህ የሳብከው፣ አይደል?»

እውነቷን ነው። የወገቡን ዳሌው ላይ ሳያጠብቅ የትከሻውን ስለሳበ፣ መቆለፊያውን ወደ ላይ ጎትቶታል።

«በል የትከሻውን አላላ።»

ሲያላላው መቆለፊያው ወረደ፣ እጁም ገባ፤ ፈቶ ወጣ።

«ወንበሩንም ሁለት ቀዳዳ ወደ ኋላ መልሰው» አለችው፣ እስክሪብቶዋን ኪሷ እየከተተች። «ከምሳ በኋላ እንደገና እቆጥርልሃለሁ።»

ዌንዴል በላብ የራሰውን ሄልሜት እንኳ ሳያወልቅ የብሎን መፍቻ ፍለጋ ሄደ።