የበጋው ወንዝና የክረምቱ ወንዝ

በኅዳር ሚካኤል ማግስት፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ የአክስቴን ማሳ የምትለካ የመሬት ባለሙያ ከቡሬ መጣች።

ማሳው ያለው የድሮው ወረዳችን ለሁለት በተከፈለበት ወንዝ ዳር ነው። ወረዳው ዛሬ የለም፤ ጽሕፈት ቤቱ የእህል መጋዘን ሆኗል። አገሩ ከላይ ገብስና ድንች ያበቅላል፤ ከዚያ እየተሰበረ፣ እየሞቀ፣ እስከ ማሽላው አገር፣ እስከ ዓባይ ይወርዳል። ልጅ ሳለሁ የክረምት ጉም ሸለቆውን ሲሞላው ባሕር ይመስለኝ ነበር። ኮረብቶቹ ከነጩ ውስጥ ብቅ ይላሉ። ከሥር አውራ ዶሮ ሲጮኽ እሰማና በባሕሩ ወለል ላይ ሰው ይኖራል ብዬ አምን ነበር። ዛሬም ከፍኖተ ሰላም ስመጣ ጠርዙ ላይ ቆሜ አደምጣለሁ።

ወረዳው ሲከፈል ወዲህ ያለው ለቡሬ፣ ማዶው ለሌላ ወረዳ ተሰጠና ወንዙ ድንበር ተባለ። ወንዙ ግን ማሳው ጋ ሲደርስ ሁለት መሄጃ አለው፤ በበጋ በማዶው ብቻ ይፈሳል፣ በክረምት ሞልቶ ይበልጡን በቡሬ በኩል ባለውም ይወርዳል። ማሳው በመካከላቸው ነው። ቡሬዎች በነሐሴ መጥተው "ወንዙ የቱ ነው?" አሉ፤ የማዶዎቹ በጥር ጠየቁ። ሁለቱንም ጊዜ ያሳዩት አንድ ሽማግሌ ጎረቤት ናቸው፤ ሁለቱንም ጊዜ ውኃው ወደሚበዛበት ጠቆሙ። ሁለቱም ወረዳዎች "ከወንዙ ወዲያ ነው፣ የእኛ አይደለም" አሉ። አክስቴ የይዞታ ደብተር አጣች። ደብተር ከሌላት፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ እያሳረሰች የምትኖርበት ማሳ የወል ግጦሽ ሊባል ነው።

ባለሙያዋ ሽማግሌውን ጠየቀች።

"አባቴ፣ ወንዙ የቱ ነው?"

"የዛሬውን ነው የሐምሌውን?"

"ይኸው!" አለች አክስቴ። "አያ፣ ሁለቴ ጠየቁዎ፣ ሁለቴ መለሱ፤ እኔን አገር አሳጡኝ!"

"ታዲያ እኔ ነኝ የማፈሰው?"

ባለሙያዋ ሳቋን ዋጠች። "ዓመቱን ሙሉ የማይደርቀውስ?"

ሽማግሌው ከብቶች ውኃ ወደሚጠጡበት ወደ ማዶው መሄጃ በከዘራቸው አመለከቱ። "እሱ ነው። ይኼኛው የክረምት ጎርፍ ነው።"

"ጻፊው ልጄ፣ ሳይለውጡት!" አለች አክስቴ።

ሁላችንም ማሳውን ዞርን፤ ባለሙያዋ ለካች። ሰባት ሰዓት ላይ ሽማግሌው በምስክርነት ወረቀቱ ላይ የአውራ ጣት አሻራቸውን አሳረፉ። ማሳው ከወንዙ ወዲህ ሆነና በቡሬ ሥር፣ በአክስቴ ስም ተመዘገበ።