በፀጉር አስተካካይ እጅ ያደገው ጃካራንዳ

ጎረቤቴን ፀጉር አስተካካዩን ሰፈሩ በሙሉ «ጋሽ መቀስ» ይለዋል። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ልብስ ሰፊዋ ነኝ፤ አልጸጸትበትም። ይህ ሰው የተንጨባረረ ነገር ሲያይ እጁን ይበላዋል። የመጥረጊያ ጫፍ ሳይቀር ያስተካክላል። አንድ ቀን ክር ልዋስ ብዬ ብገባ የገዛ ምንጣፉን ዘርፍ እየከረከመ አገኘሁት። ወደ እኔ ሱቅ ሲመጣማ ጨርቆቼን ከዓይኑ እደብቃለሁ።

ሚስቱ መምህርት ናት፤ ረጋ ያለች፣ ነገር የማታበዛ። የዛሬ አሥር ዓመት ከትምህርት ቤቷ ግቢ ጠፍጣፋ፣ እንደ እንጨት የጠነከረ የጃካራንዳ ፍሬ ለቅማ መጣች። ከውስጡ ያወጣችውን ስስ ዘር አንድ ቀን ሙሉ ውሃ ውስጥ ዘፈዘፈችና በወተት ጣሳ፣ አፈር በስሱ አልብሳ ዘራችው። በሦስተኛው ሳምንት በቀለ። ቁመቱ ጉልበቷ ሲደርስ ውሃ የማይቋጥር፣ ፀሐይ የማይለየው ቦታ መርጣ ሱቆቻችን ፊት ለፊት ተከለችው። «ሐምራዊ አበባ ሲያወጣ ከሥሩ ተቀምጬ የተማሪዎቼን ደብተር አርማለሁ» ትል ነበር።

ዛፉ አደገ፤ አበባ ግን የለም። ጋሽ መቀስ በየወሩ መሰላል ያቆምና እያፏጨ ዙሪያውን ይከረክመዋል። ከዚያ ወደ ኋላ ሸሸት ብሎ፣ አንገቱን ዘመም አድርጎ ያየዋል። ዛፉን መስታወት ሊያሳየው ምንም አልቀረው። እውነት ለመናገር ድብልብል ብሎ ያምር ነበር።

ባለፈው ዓመት አከራያችን መጡ። ቁጡ ሴትዮ ናቸው። «ይሄ ዛፍ ደጄን በቅጠል ከማቆሸሽ ሌላ ምን ሠራ? እስከሚቀጥለው በጋ መጨረሻ አበባ ካላየሁበት በመጋዝ ነው የማስጥለው» አሉ። መምህርቷ ወደ ጓዳ ገብታ ቆየችና ዓይኖቿ ቀልተው ወጣች። ጋሽ መቀስ እንዲያ ሆና ሲያያት የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፋው። ማዳበሪያ በከረጢት፣ ውሃ በባልዲ ያፈስለት ጀመር። ዛፉ ቅጠል በቅጠል ሆነ። እሱም ቅጠሉ በዛ ብሎ መቀሱን አነሳ።

ከሳምንት በኋላ አንድ ሽማግሌ የችግኝ ጣቢያ ሠራተኛ ፀጉር ሊቆረጡ መጡ። ወንበሩ ላይ ሳይቀመጡ ዛፉ ላይ አፈጠጡ።

«ማነው ይህን ምስኪን የላጨው?»

«እኔ ነኝ» አለ ጋሽ መቀስ፣ ሙገሳ ጠብቆ። «ምነው፣ አላማረም?»

«የኔ ልጅ፣ ይሄ ዛፍ የሚያብበው በቅርንጫፉ ጫፍ ነው። አንተ ደግሞ ጫፍ ጫፉን ነው የምትቆርጠው። ማዳበሪያውንም ተወው፤ ቅጠል ነው የሚያበዛው። ውሃ አልፎ አልፎ ይበቃዋል። በቃ፣ እጅህን ሰብስብ!»

ጋሽ መቀስ ክው አለ። በማግስቱ ትልቁን መቀስ በጋዜጣ ጠቅልሎ አመጣልኝ። «እህት ዓለም፣ እግርሽ ላይ ብወድቅ እንኳ እንዳትሰጪኝ» አለ። አምስት ጊዜ መጥቶ ለመነኝ። በስድስተኛው «ለሚስትህ እነግራታለሁ» ስለው ተወኝ። ዛፉ እንዳሻው ተንዠረገገ። ደንበኞቹ «ጋሼ፣ ደጅህ የቆመው ተራው መቼ ነው?» እያሉ ያበሽቁታል። እሱ እንዳያየው ብሎ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ መሥራት ጀመረ።

በጋው ሊያልቅ ሲል ቅጠሉ ሁሉ ረገፈ። ደረቀ ብዬ እኔ ራሴ ተስፋ ቆረጥኩ። ከዚያ አንድ ጠዋት ሱቄን ልከፍት ስመጣ ዛፉ ከላይ እስከ ታች ሐምራዊ ሆኖ ጠበቀኝ። እልልታዬን አቀለጥኩት። አከራያችን ሮጠው ወጡ፤ አዩና «እንግዲህ ይቆይ» ብለው ተመለሱ። ከእሳቸው አፍ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

መምህርቷ ከሥሩ ቆማ ሽቅብ ታያለች። ጋሽ መቀስ ደንበኛውን ግማሽ ራሱን ላጭቶ ትቶት ወጣ።

«ልነግርሽ ፈርቼ ነው» አላት። «ይህን ሁሉ ዓመት አበባሽን ስቆርጥብሽ የኖርኩት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ» አለችው። «ካወቅሁ ቆየሁ። መጽሐፍ ላይ አንብቤዋለሁ።»

«ታዲያ ዝም ትያለሽ?»

«መሰላሉ ላይ ሆነህ ስታፏጭ ደስ ይለኝ ነበራ። በመጋዝ ሊጣል ነው ሲባል ግን አልቻልኩም። እኚያን ሽማግሌ የላክሁብህ እኔ ነኝ፤ ከኔ ብትሰማው ታፍር ነበር።»

ጋሽ መቀስ ሰፈሩ ሁሉ እያየው፣ ቶንዶሱን እንደያዘ አለቀሰ። እኔም ምን እንደነካኝ እንጃ፣ አብሬው አለቀስኩ። ግማሽ ራሱን የተላጨው ደንበኛ ብቻ በሩ ላይ ቆሞ ማንን እንደሚጠራ ግራ ገብቶታል።