ለልዋጭ የተሰጠው አረንጓዴ ክር

ተገኘ! አረንጓዴው ክሬ ተገኘ ወገኖቼ! እንደምን ዋላችሁ ለማለት እንኳ አልታገስኩም።

ሹራብ ስሠራ የሚተርፈኝን ክር ሁሉ በማዳበሪያ እንደማጠራቅም ታውቃላችሁ።

አረንጓዴው ጥቅል ነፍሱን ይማረውና ለባለቤቴ ከሠራሁለት ሹራብ የተረፈ ነው። ቀለሙን ዛሬ መርካቶን ብታስሱ አታገኙትም። የልጅ ልጄን የክርስትና ብርድ ልብስ ጠርዝ በእሱ ልጨርሰው ነበር፤ አያቷን አላየችውማ።

ጠዋት ከገበያ ስመለስ ማዳበሪያው የለም። አራሷ ልጄ "እንግዳ ሳይመጣ ቤቱን ላጽዳ" ብላ በሰፈራችን ከሚዞረው የልዋጭ ሰውዬ ጋር በፕላስቲክ ሳፋ ለውጣዋለች!

"እማዬ፣ ቁርጥራጭ እኮ ነው።"

"የአባትሽን ነው የሰጠሽው!" ብዬ ጮህኩባት። አራስ አስለቀስኩ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ሳፋውን ተሸክሜ ከሰባተኛ እስከ ምናለሽ ተራ፣ ልዋጮች ዕቃቸውን እስከሚሸጡበት ድረስ ሮጥኩ። ያገኘሁትን ልዋጭ ሁሉ ጠየቅኩ። በስንት መከራ ሰውዬውን ባገኘው፣ በአረንጓዴው ክር አሮጌ ጫማ ጥንድ ጥንዱን አስሮበታል!

"እትዬ፣ ለዚች ነው የሚያለቅሱት? እኔ እኮ ድመት የተጫወተችበት መስሎኝ ነው!" አለና ቁጭ ብሎ አብሮኝ ፈታ። ማዳበሪያዬን ተቀብዬ ሳፋውን መለስኩለት።

ቤት ስገባ የልጄ ዓይን እንዳበጠ ነው። ክሩ ተቆራርጦ ለብርድ ልብሱ ሦስት ጎን ብቻ ይበቃል። "አራተኛውን አንቺ ምረጪ" አልኳት። ከልጅነት የትምህርት ቤት ሹራቧ የተረፈውን ሰማያዊ መረጠች።

እናንተስ፣ ለልዋጭ ወጥቶ ያሳበዳችሁ ዕቃ አለ? ጻፉልኝ።

ክርስትናዋ እሁድ ነው፤ አንድ ሰው እንዳይቀር!