ዳዳ ኮኮዌና አሸዋው

ከአኔሆ ከተማ ወዲህ ባለው የባሕር ዳርቻችን እንደ ዳዳ ኮኮዌ ዓሣ የሚጠብስ አልነበረም፤ "ዳዳ" የምንላት በአክብሮት ነው። በቅጠል ጠቅልላ በእንፋሎት ከምታበስለው፣ አብሎ ከሚባለው የበቆሎ ዳቦ ጋር ስታቀርበው ሰው ጣቱን ይልሳል። ምላሷ ደግሞ እንደ በርበሬዋ ያቃጥላል።

ባሕሩ ግን አልራራላትም። አባቷ የሠሩትን ቤት በልጅነቷ ወሰደው። ባሏ የሠራላትን ደግሞ ከነኮኮነት ዛፎቹ ጠራርጎ በላው። ባሏ ከሞተ በኋላ ወደ ኋላ ሸሽታ የቆርቆሮ ቤት ቀለሰች፤ ማዕበሉ እዚያም ተከትሎ ደጃፏን ይልስ ጀመር።

"ይሄ ባሕር ሊያገባኝ ነው መሰለኝ፣ አልፋታሽ አለኝ እኮ!" እያለች ታስቀን ነበር።

ኋላ አንድ ትልቅ መርከብ መጣ። ከባሕሩ ወለል አሸዋ እየመጠጠ በወፍራም ቧንቧ ዳርቻችን ላይ ይተፋው ጀመር። ሥራው ሲያበቃ ከደጃችን እስከ ውሃው ሰፊ ሜዳ ተዘረጋ። አሸዋው ማዕበሉን እንዲያደክምልን፣ ሰዉም እንዲዝናናበት ነበር የታሰበው። እሑድ እሑድ የከተማ ሰው ይጎርፍ ጀመር፤ ኳስ ተጫዋቹ፣ ዋናተኛው፣ ሙሽራው ሳይቀር።

የተከፋው መሳን ብቻ ነበር። መሳን የኮኮዌ ባል ታናሽ ወንድም ሲሆን፣ ዓሣ የሚያጠምድላት እሱ ነው።

"ድሮ ከጀልባዬ ወርጄ ቤቴ ዘው ነበር" አለ። "አሁን ይሄን ከባድ ጀልባ በረሃ አሻግሬ ልጎትት? ግመል ግዙልኝ!"

"ባሕሩ ቤትህን ቢበላው ይሻልሃል?" አለችው ኮኮዌ።

"አንቺ ምን አለብሽ! ቁጭ ብለሽ ዓሣው እስኪመጣልሽ ትጠብቂያለሽ።"

"ቁጭ ብዬ? ቆይ፣ አሳይሃለሁ!"

በማግስቱ እሑድ ነበር። መሳን ከባሕር ሲመለስ ኮኮዌ ጭልፋዋን እንደያዘች መዝናኛው መሀል ቆመች።

"ዓሣ የራበው የጀልባውን ገመድ ይያዝ! ያልጎተተ አይበላም!"

እንግዶቹ ሳቁ። ቀድማ የተነሳችው አንዲት ሙሽራ ናት፤ ጫማዋን ወርውራ፣ ነጭ ቀሚሷን ሰብስባ ገመዱን ያዘች። ሙሽራ ስትጎትት ማን ይቀመጣል? ጀልባው መሳንን እንደያዘ በአሸዋው ላይ ተንሸራተተ።

"ኧረ ልውረድ! ንጉሥ አደረጋችሁኝ እኮ!" አለ፤ ኩርፊያውን ሳቅ አሸነፈው። ከዚያ ወዲህ የእሑድ እንግዳ ጀልባ ሳይጎትት ዓሣ መብላት ነውር ሆነ።

ክረምት ላይ ባሕሩ ተቆጣ። ኮኮዌ ፍራሿን ተሸክማ ደጃፏ ላይ ቆማ ደረስኩባት።

"ዳዳ፣ ወዴት ነው?"

"እሱ ጠፍቶኝ አይደል የቆምኩት!"

ማዕበሉ እያገሳ አሸዋው ላይ ወጣ፤ መንገድ ላይ ደከመና ተመለሰ። ደግሞ መጣ፤ ደግሞ ተመለሰ። ቀኑን ሙሉ ታገለ፣ ደጃችን ግን አልደረሰም።

መሳን እየሳቀ መጣ። "ፍራሹን አውርጂው እንጂ! ባሕሩ ሲደክመው አንቺ አይደክምሽም?"

እሷም ፍራሹን ጥላ፣ እላዩ ላይ ተቀምጣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

ባሕሩ ሲረጋ የአሸዋው ጠርዝ በቢላ እንደተቆረጠ ተገምሶ አገኘነው። ወደፊት መሙላት እንደሚያስፈልገው ለሁላችንም ገባን። ቢሆንም የተበላው አሸዋ እንጂ ቤታችን አልነበረም።

በበጋው ኮኮዌ ግንበኛ ጠራች። መሳን አላስቻለውም፤ "በዚህ ዕድሜሽ የብሎኬት ቤት?" ብሎ ተረባት።

"አንተ ሽማግሌ፣ አፍህን ዝጋና ብሎኬቱን አቀብል!"

አቀበላት። ቤቱ ዛሬ አረንጓዴ ተቀብቶ ቆሟል። በረንዳው ላይ እሷ ትጠብሳለች፤ ኳሳቸው ከዘይቷ አጠገብ የሚያርፍባቸውን ተጫዋቾች ስትሳደብ ድምጿ እስከ ውሃው ይሰማል።